ምላሳሟ የቤት ሠራተኛ በኦፔራ መድረክ፦ ዴስፒናን ልቀበል ወይስ ልተው?

ጥያቄ፦ ጀርመን አገር የኦፔራ ዘፈን የምታጠና አንባቢ እንዲህ ስትል ጽፋለች። «መምህሬ ድምፄን ሰምታ ‹አንቺ ሱብሬት ነሽ› አለችኝ። ምን እንደሆነ ስፈልግ በተውኔትና በኦፔራ ውስጥ የምትገኝ ምላሳምና ተንኮለኛ ገረድ ናት ይላል። አሁን ደግሞ በትምህርት ቤታችን ዝግጅት የሞዛርትን ‹ኮዚ ፋን ቱቴ› ልንሠራ ነው፤ ለእኔ የደረሰኝ ዴስፒና ነው። እሷም ገረድ ናት። እናቴ ቤሩት በሰው ቤት ሠርታ ነው ያሳደገችኝ። ገረድ ሆኜ ፈረንጅ ማሳቅ ሆዴ እምቢ አለ። ከክፍሉ ጥቁር እኔ ብቻ ነኝ፤ ሚናው የተሰጠኝ ለዚህ ይሆን? የድሮ አውሮፓውያን ተውኔትስ ለምንድን ነው እንዲህ ዓይነት ገረድ የሚያበዛው? ልቀበል ወይስ ልተው?»

ምላሽ፦ በጥያቄሽ ውስጥ ሦስት ነገር ተጠላልፏል። የድምፅሽ ዓይነት፣ የሚናው ባሕርይ፣ ሚናው ለአንቺ የተሰጠበት ምክንያት። አንድ ላይ ከያዝሻቸው መውጫ የላቸውም። ለየብቻ እንያቸው።

መምህርሽ «ሱብሬት» ስትል የተናገረችው ስለ ጉሮሮሽ ነው። የጀርመን ኦፔራ ቤቶች «ፋኽ» የሚሉት የድምፅ አመዳደብ አላቸው። ዓመቱን ሙሉ በደመወዝ የሚይዟቸው ቋሚ ዘፋኞች ስላሏቸው ማን ምን መዝፈን እንደሚችል አስቀድመው ማወቅ አለባቸው። ሱብሬት የሚባለው ከሶፕራኖዎች፣ ማለትም ከቀጫጭኖቹ የሴት ድምፆች፣ ቀለል ያለው፣ ጥርት ያለው፣ ቃሉ ሳይታፈን የሚሰማው ድምፅ ነው። ስሙን ያገኘው ከሠራተኛዋ ሚና መሆኑ እውነት ነው። በምድቡ ውስጥ ግን ሠራተኛ ያልሆኑ ሞልተዋል። የሞዛርት «ዶን ጆቫኒ» ዜርሊና የገበሬ ልጅ ናት። የቤትሆቨን «ፊዴሊዮ» ማርሴሊኔ የእስር ቤት ጠባቂ ልጅ ናት። የዌበር «ዴር ፍራይሹትስ» ኤንሽን የዋናዋ ባለታሪክ ዘመድ ናት። ሦስቱም ያንቺ ናቸው።

ምድቡ ደግሞ ይጠብቅሻል። ቀላል ድምፅ ያላት ወጣት በትልቅ ኦርኬስትራ ላይ እንድትጮህ ከተደረገች ድምፁ ቶሎ ይደክማል፤ አንዳንዴም አይመለስም። በፋኽሽ ከተቀጠርሽ «ይህ የእኔ አይደለም» የምትዪበት መሬት አለሽ። የዕድሜ ልክ ማኅተም እንዳይመስልሽ ግን። ዘፋኟ ሉቺያ ፖፕ በሞዛርት «ፊጋሮ ጋብቻ» በሠራተኛዋ በሱዛና ታውቃ ከዓመታት በኋላ በዚያው ኦፔራ እመቤቲቱን፣ የኮንቱን ሚስት ዘፍናለች። ድምፅ ይበስላል፣ ይወፍራል፣ ቦታ ይቀይራል። እንዲያውም ምድቡ ከሙዚቃው በኋላ የመጣ ነው። ዴስፒናን ለመጀመሪያ ጊዜ የዘፈነችው ዶሮቴያ ቡሳኒ ከዚያ አራት ዓመት ቀድማ በ«ፊጋሮ ጋብቻ» ውስጥ ወጣቱን አሽከር ኬሩቢኖን ዘፍናለች። ዛሬ ኬሩቢኖ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ወፈር ላለው የሜዞ ሶፕራኖ ድምፅ ነው።

አሁን ወደ ሚናው። «ገረድ ሆኜ ማሳቅ» ብለሻል። ተመልካቹ በሠራተኛዋ ላይ የሚስቅ መስሎሻል። ጥሩዎቹን ሥራዎች ብታነቢ የሚሳቀው በአብዛኛው በጌታው ላይ ነው።

ሥሩ ጣሊያን ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተነሣው ኮሜዲያ ዴላርቴ የተባለው ተዘዋዋሪ ተውኔት «ዛኒ» የሚባሉ አገልጋዮች ነበሩት። መነሻቸው ከቤርጋሞ ተራሮች እንጀራ ፍለጋ ወደ ቬኒስ የሚወርዱ ድሆች ናቸው። ሸክም ይሸከማሉ። የገጠር አነጋገራቸው ያስቃል። ሁልጊዜ ይርባቸዋል። የዚህ ሁሉ ጨዋታ መጀመሪያ፣ ለእንጀራ ብሎ አገሩን የለቀቀ ሰው ነው። ከእነሱ ጎን ሴቷ አገልጋይ ቆመች፤ ከሁሉ የምትታወቀው ኮሎምቢና ናት። ወንዶቹ አገልጋዮችና ሽማግሌዎቹ ጌቶች ጭምብል ሲያጠልቁ እሷ አብዛኛውን ጊዜ በገዛ ፊቷ ትጫወት ነበር።

ጸሐፊዎች ለምን አበዟት? አንደኛው ምክንያት የሙያ ነው። በዘመኑ ወግ የጨዋ ልጅ ብቻዋን ደጅ አትወጣም፤ ወንድ ስታናግር አትታይም። ታዲያ ታሪኩ በምን እግሩ ይሂድ? ደብዳቤ የሚያደርስ፣ የጓሮ በር የሚከፍት፣ ገበያ ወጥቶ ወሬ ይዞ የሚመለስ ሰው ያስፈልጋል። እመቤቷ ለማንም የማትነግረውን ለሠራተኛዋ ትነግራታለች፤ በዚያው ተመልካቹም ይሰማል። ሠራተኛዋ ከሌለች ብዙዎቹ ተውኔቶች ከመጀመሪያው ትዕይንት አያልፉም።

ሌላው ምክንያት ይበልጣል። ቤቱን ከባለቤቱ በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ስለዚህ እውነቱ በእሷ አፍ ይወጣል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን የፈረንሳዊውን ጸሐፌ ተውኔት የሞሊየርን «ታርቱፍ» አግኝተሽ አንብቢ። ኦርጎን የተባለው አባወራ ከገጠር ይመለሳል፤ ቤት እንዴት ሰነበተ ብሎ ሠራተኛዋን ዶሪንን ይጠይቃል። እመቤቴ ትኩሳትና ራስ ምታት ሲያሠቃያት አደረ ትለዋለች። «ታርቱፍስ?» ይላል። ታርቱፍ ጻድቅ መስሎ ቤቱን የተጠጋ አስመሳይ ነው። እሱማ ሁለት ቆቅና ግማሽ የበግ ታፋ በልቶ ጥጋብ በጥጋብ ሆኗል። ኦርጎን «ምስኪን!» ይላል። እንደገና ስለ ሚስቱ ሕመም ይነገረዋል፤ እንደገና «ታርቱፍስ?» ይላል። ዶሪን አንድም ስድብ አልተናገረችም። የሆነውን ብቻ በተራ ትነግረዋለች፤ ሰውዬው በገዛ አፉ ይዋረዳል። ይህ ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1664 ቀርቦ ታገደ፤ ለሕዝብ የተፈቀደው በ1669 ነው። ያኔ ዶሪንን የተጫወተችው ማድሌን ቤዣር ዕድሜዋ ከ50 አልፎ ነበር። ሚናው ለቆንጆና ለቀበጥ ልጃገረድ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ከሞሊየር መድረክ ግን አልመጣም።

ወደ ኦፔራ ስትገባ ደግሞ አንድ ስኒ ቸኮላት ተከተዪ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሚጠጣ ቸኮላት ውድ ነገር ነበር፤ የባለጸጋ ቁርስ። ፔርጎሌሲ በ1733 ኔፕልስ ውስጥ ያቀረበው «ላ ሴርቫ ፓድሮና»፣ እመቤት የሆነችው ሠራተኛ ማለት ነው፣ በአንድ ቁም ነገረኛ ኦፔራ ክፍሎች መካከል የሚታይ አጭር ማዋዣ ነበር። ሁለት ዘፋኝና አንድ የማይናገር አገልጋይ ብቻ አለው። ሲከፈት ጌታው ኡቤርቶ ተቆጥቶ ይንጎራደዳል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቸኮላቱን ጠብቋል። ሠራተኛዋ ሴርፒና አላመጣችም፤ ልታመጣም አላሰበች። በመጨረሻ አገልጋዩን እንደ ወታደር አልብሳ እጮኛዬ ነው ትለዋለች። ወታደሩ 4,000 ስኩዲ ጥሎሽ ይፈልጋል፤ ካልተከፈለ ጌታው ራሱ ያግባት። ኡቤርቶ ያገባታል። ያ ትንሽ ማዋዣ ዋናውን ኦፔራ አስረስቶ በ1752 ፓሪስ ሲደርስ የፈረንሳይና የጣሊያን ሙዚቃ ደጋፊዎችን በጽሑፍ ጦርነት አፋጀ።

ከ57 ዓመት በኋላ፣ በጥር 1790 ቪየና ውስጥ፣ ያንቺ ዴስፒና ገባች። የምትገባው ቸኮላት ይዛ ነው። የመጀመሪያ ቃሏን ልብ በዪ፤ ሠራተኛ መሆን የተረገመ ኑሮ ነው ትላለች። ከጠዋት እስከ ማታ መሥራት፣ ማላብ፣ መድከም ነው፤ ከዚያ ሁሉ ለራስሽ የሚተርፍ የለም። ይህን ቸኮላት ግማሽ ሰዓት መትቼዋለሁ ትላለች። አሁን ደርሶ እኔ በደረቅ አፌ ሽታውን ላሽት? የእኔ አፍ እንደ እናንተ አፍ አይደለም? ለእናንተ ዋናው፣ ለእኔ ሽታው ለምን ይሆናል? ከዚያ ትቀምሳለች። ይጥማል። ሰው ሲመጣ ስትሰማ አፏን ትጠርጋለች። የኦፔራውን ቃል የደረሰው ዳ ፖንቴ የጻፈላት ይህን ነው፤ ሞዛርት ደግሞ ዜማ ሳያበዛበት እንደ ንግግር አድርጎ ተወው፤ እያንዳንዱ ቃል እንዲሰማ።

እናትሽ ቤሩት ውስጥ ስንት ምግብ አብስላ ሳትቀምስ እንዳቀረበች እኔ አላውቅም። አንቺ ግን ይህን ቦታ ስታነቢ የሚሰማሽ ነገር ክፍልሽ ውስጥ ያሉት ሌሎች ሶፕራኖዎች የሚፈልጉት ግን በቀላሉ የማያገኙት ነው።

ምላሷ ከየት እንደሚመጣም ማወቅ አለብሽ። ብዙ ተዋናዮች ከባሕርይ አድርገው ይይዙታል፤ ስለዚህ ወገባቸውን ይዘው ዓይናቸውን እያንከባለሉ ይጫወታሉ። እጅ እጅ ይላል። ምላሱ የሚመጣው ከአደጋ ነው። በ1786 የቀረበው «ፊጋሮ ጋብቻ» ሲጀምር ፊጋሮ አልጋ የሚያስገባበትን ክፍል ይለካል። ደስ ብሎታል፤ ክፍሉ ለጌቶቹ ቅርብ ነው፣ እመቤቲቱ ደወል ስትደውል ሱዛና በሁለት እርምጃ ትደርሳለች። ሱዛና ያንኑ ደወል በዜማ ትመልስለታለች። አንድ ጠዋት ጌታችን ኮንቱ አንተን ራቅ ያለ ቦታ ቢልክህስ? በሦስት ዝላይ እሱ እኔ በር ላይ ነው። ፊጋሮ ያልገባው ነገር ለእሷ ከመጀመሪያው ገብቷታል። ከዚያ በኋላ በኦፔራው ሙሉ የምትቀልደው፣ የምትዋሸው፣ የምታታልለው ያንን በር ዘግታ ለመቆየት ነው።

ከመድረክ ውጭ ያለው ኑሮ ይህን ያህል ምላስ አይፈቅድም ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ሕግ ከጌታው የሰረቀ አገልጋይ በሞት ይቀጣ ነበር። ሮሲኒ በ1817 ሚላን ላይ ያቀረበው «ላ ጋዛ ላድራ» በዚህ ላይ የቆመ ነው። ኒኔታ የተባለች ሠራተኛ ከቤት በጠፋ የብር ዕቃ ተከሳ ሞት ይፈረድባታል፤ ሌባው ወፍ ሆኖ ይገኛል።  ስለዚህ መድረክ ላይ የምታያት ደፋር ሠራተኛ የዘመኑ ፎቶግራፍ ናት ብለሽ አትውሰጂ። ቲያትር ቤት የገባው ሕዝብ፣ ከኋላ የቆሙት አገልጋዮችም ጭምር፣ በቀን ሊባል የማይችለውን በማታ የሰሙባት ናት።

ይህን ስል ዴስፒናን ቅድስት አላደርጋትም። አንቺም አታድርጊያት። ሴት አትታመንም ብሎ ከተወራረደው ሽማግሌ ከዶን አልፎንሶ ወርቅ ትቀበላለች። እመቤቶቿን፣ ሁለቱን እህትማማቾች፣ እጮኞቻቸውን እንዲከዱ ትገፋፋለች። ኦፔራው ራሱ ሴቶችን በአንድ ሙቀጫ ይወቅጣል፤ ርዕሱም ሁሉም ሴቶች እንዲህ ናቸው የሚል ነው። ይህን ማንም አዘጋጅ ሙሉ በሙሉ ሊያጥበው አይችልም። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን አንድ ነገር አለ። ዴስፒና ራሷ ተታልላለች። መጻተኛ መስለው የመጡት ሁለት ወንዶች የእህትማማቾቹ እጮኞች መሆናቸውን ማንም አልነገራትም። መጨረሻ ላይ ሲገለጥ ግራ ተጋባሁ፣ አፈርኩ ትላለች፤ ቀጥላም እኔም ብዙ ሰው ላይ ስሠራው ኖሬያለሁ ብላ ራሷን ታጽናናለች። ጌቶቹ ሲታረቁ እሷ የት እንደምትቆም ኦፔራው አይናገርም። ለአዘጋጅሽ የምታነሺው ትልቁ ጥያቄ ይህ ይሁን፦ በመጨረሻው መዝሙር ላይ ዴስፒና የት ነው የቆመችው? ማንን ነው የምታየው?

ሦስተኛው ጉዳይ ቀለምሽ ነው። ጥርጣሬሽ ከመሬት አልተነሣም፤ ጥቁር ዘፋኞችን በአገልጋይነትና በባዕድነት ሚና ብቻ የማጠር ልማድ ነበረ፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። በድምፅ መመደብና በመልክ መመደብ ግን ይለያያሉ፤ መለያውም ቀላል ነው። እንዳንቺ ዓይነት ድምፅ ያላቸው የክፍል ጓደኞችሽ ምን ይሰጣቸዋል? እነሱም ዴስፒና፣ ዜርሊና፣ ሱዛና የሚዘፍኑ ከሆነ የወሰነው ድምፅ ነው። እነሱ ዜርሊናንና ኤንሽንን እየዘፈኑ አንቺ ሁልጊዜ መጥረጊያ የሚያስይዝሽ ሚና ብቻ ከደረሰሽ፣ ያኔ የወሰነው ሌላ ነገር ነውና ጠይቂ፤ በጽሑፍ ጠይቂ። ከአንድ ሚና ተነስቶ ግን ፍርድ አይሰጥም።

በዚህ መንገድ ቀድመውሽ የሄዱ አሉ። አፍሪካ አሜሪካዊቷ ሬሪ ግሪስት በአውሮፓ ታላላቅ መድረኮች ሱብሬት ሆና ነው ስሟን የተከለችው። ካትሊን ባትል ሱዛናን፣ ዴስፒናን፣ ዘርቢኔታን ዘፍናለች። ባርባራ ሄንድሪክስም ሱዛናን። ቅጂዎቻቸውን ፈልገሽ ስሚ። አንዳቸውም ይቅርታ እየጠየቁ ሲዘፍኑ አትሰሚም።

ስለዚህ ተቀበዪ። አቋሜ ይህ ነው፤ ወላዋይ አይደለሁም። ለድምፅሽ ዕድሜ የሚስማማ ሚና ነው። በብዛት በመካከለኛው የድምፅ ክልል ስለሚሄድ ጉሮሮ አያስጨንቅም። ሁለት አሪያ፣ ማለትም የብቻ ዘፈን፣ ብዙ የኅብረት ዘፈንና ብዙ ትወና ያስተምርሻል። ሱዛናንም ከአሁኑ ቀስ ብለሽ ማጥናት ጀምሪ፤ ነገር ግን በሙሉ መድረክ ለመዝፈን አትቸኩዪ። እሷ ከመድረክ እምብዛም አትወርድም፤ ዋናው አሪያዋ የሚመጣው ሰው ሁሉ ከደከመ በኋላ በአራተኛው ክፍል ነው፤ ያውም ወደ ታች ጠልቆ ይወርዳል። ጉዳዩ የጽናት ነው። ጀርመን ውስጥ ሥራ የምትፈልጊ ከሆነ ደግሞ የዮሃን ሽትራውስ «ዲ ፍሌደርማውስ» ሠራተኛዋን አዴሌን ያዢ፤ መናገር የሚፈልግ ሚና ስለሆነ ጀርመንኛሽን ያስፈትሻል። አንድ ነገር ግን እወቂ፤ ቀላል ሶፕራኖ በገበያው ላይ ብዙ ነው። ድምፅ ብቻውን አያስቀጥርሽም። ቃሉን የምታስረዳ፣ መድረክ ላይ የምታስብ ሱብሬት ግን ትፈለጋለች።

ስትለማመጂ ከዜማው በፊት ጣሊያንኛውን እንደ ንግግር ተለማመጂው። የቸኮላቱን ትዕይንት በባዶ ስኒ አትሥሪው። የምትመታውን ነገር በእጅሽ ያዢ፣ ክንድሽ እስኪዝል ምቺ፣ ከዚያ ዝፈኚ። የደከመ ሰው ቀልድ ከተመቸው ሰው ቀልድ ይለያል፤ ልዩነቱ ከወገብና ከትንፋሽ ይታወቃል።

የምትጠነቀቂባቸው ነገሮች አሉ። ዴስፒና በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ማግኔት የያዘ ሐኪም፣ በሁለተኛው ደግሞ ውል አዋዋይ መስላ ትመጣለች። በተለይ ውል አዋዋዩን ብዙዎች በአፍንጫቸው እየተንጫጩ ነው የሚዘፍኑት። ያንን ድምፅ ብቻሽን አትፈልጊው፤ ከመምህርሽ ጋር ሥሪው፤ በየልምምዱም በሙሉ ኃይል አትድገሚው። ሁለተኛ፣ ብዙ አዘጋጆች ወንዶቹ ሠራተኛዋን እየጎነተሉ እንዲያልፉ ያደርጋሉ። በጽሑፉ ውስጥ ያለችው ዴስፒና አልፎንሶን ገና ሲጀምር እንዳንተ ያለ ሽማግሌ ለልጃገረድ ምንም አይፈይድም ብላ ታስቆመዋለች። ማን የት ሊነካሽ እንደሚችል ከልምምዱ በፊት ተነጋግራችሁ ወስኑ።

የመጨረሻው ስለ እናትሽ ነው። የቲያትር ሰዎች የሰው ታሪክ ይወዳሉ። ይህን ከሰሙ «በጣም ጥሩ፣ እሱን አምጪው፣ ስለሷ ንገሪን» ማለታቸው አይቀርም። የመንገር ግዴታ የለብሽም። የምታውቂውን በእጅሽና በአቋቋምሽ ልትጠቀሚበት ትችያለሽ፤ የእናትሽን ኑሮ ግን ለልምምድ ክፍል ወሬ አታድርጊው። እሷ ራሷ ካልፈቀደች በስተቀር በፕሮግራሙ ጽሑፍ ላይም እንዳይገባ።

አሁን ማድረግ ያለብሽ አዘጋጁን ቀጠሮ ጠይቆ ዴስፒናን እንዴት እንዳሰባት መስማት ነው። ዘመኑ የት ነው? ምን ትለብሳለች? በምን ዓይነት አነጋገር ትናገራለች? የሚያስበው ታሪኩን ወደ ዛሬ አምጥቶ አንቺን በመልክሽ ምክንያት ስደተኛ የጽዳት ሠራተኛ ማድረግ ከሆነ፣ ይህንኑ ሚና ነጭ ተማሪ ብትይዘው ያንኑ ያደርግ እንደሆነ ጠይቂው። አዎ ካለና ምክንያቱን ከጽሑፉ ካሳየሽ ሥሪ። መልስ ካጣ ወይም የውሸት የአነጋገር ዘዬ አምጪ ካለሽ፣ ሚናውን አልተውም፣ ይህን ሐሳብ ግን አልሠራም ብለሽ ለመምህርሽና ለክፍሉ ኃላፊ በደብዳቤ አሳውቂ። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ይሁን፤ ከተጀመረ በኋላ ሁሉም ነገር ይከብዳል።